የዘረ-መል መገለጥና የትልቁ አንጀት ካንሰር እድገት፦ ለእህል በረንዳና ለአካባቢው ኅብረተሰብ የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው እህል በረንዳ ከተለያዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች የሚመጣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ጥራጥሬ የሚራገፍበት፣ የሚበጠርበትና የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ነጋዴው፣ ደላላው፣ ኩንታል ተሸካሚው፣ እህል አበጣሪዋና የወፍጮ ቤት ሠራተኛው ሥራቸውን ማለዳ ይጀምራሉ። ገበያውን ጥሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የዕለት ገቢን ማጣት ስለሆነ፣ ሕመም ሲሰማ «ያልፋል» ተብሎ ይተዋል። ከሰገራ ጋር ደም ሲታይ ደግሞ ሁለት የተለመዱ ስሞች አሉ፦ ኪንታሮት ወይም አሜባ። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ትክክል ይሆናል። ትክክል በማይሆንበት ጊዜ ግን የሚባክኑት ወራት በጊዜ ቢደረስበት በቀዶ ሕክምና ብቻ ሊድን የሚችለውን የትልቁ አንጀት ካንሰር ለመዳን አስቸጋሪ ወደሆነ ደረጃ ያደርሱታል።

የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ አካባቢ ካንሰር በዓለም ላይ በስርጭት ሦስተኛ፣ በገዳይነት ሁለተኛ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንደተያዙበትና ከ900 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሞቱበት ተገምቷል። በኢትዮጵያም የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በሽታው በወንዶች ዘንድ በብዛት ከሚመዘገቡት ካንሰሮች አንዱ መሆኑ ታይቷል። በሀገሪቱ ሆስፒታሎች የሚታከሙት ሰዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። «ይህ የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚለው አባባል በእነዚህ ታካሚዎች ላይ አይሠራም።

በሽታው በአንድ ቀን የሚከሰት አይደለም። ከጤነኛ አንጀት እስከ ካንሰር ያለው ጉዞ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በእነዚህ ዓመታት በአንጀት ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት የዘረ-መል መገለጥ የሚባለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል።

ዘረ-መል አንድ ነገር፣ መገለጡ ሌላ ነገር

እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ከእናትና ከአባት የተወረሰ ሙሉ የመመሪያ ስብስብ በውስጡ ይይዛል። በዚህ ስብስብ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ 20,000 ያህል ዘረ-መሎች አሉ። የአንጀት ሕዋስ፣ የዓይን ሕዋስና የጉበት ሕዋስ የያዙት ስብስብ አንድ ዓይነት ነው። የሚለያዩት በሚጠቀሙበት ክፍል ነው። በእህል በረንዳ ካሉ መጋዘኖች ሁሉም አንድ ዓይነት ጆንያዎች ተደርድረውባቸዋል እንበል፤ አንዱ ባለመጋዘን ግን የጤፉን ብቻ ፈትቶ ይሸጣል፣ ሌላው የሽምብራውን፣ ሌላው የገብሱን። ታስሮ የቀረው እህል አልጠፋም፤ ወደ ገበያ አልወጣም እንጂ። በሕዋስ ውስጥም አንድ ዘረ-መል ተነብቦ ፕሮቲን ሲሠራበት ተገለጠ ይባላል። ሳይነበብ ሲቀር ደግሞ ዝም እንዳለ ይቆጠራል። የሕዋሱን ጠባይ የሚወስነው የትኛው ዘረ-መል፣ መቼና ምን ያህል እንደተገለጠ ነው።

ካንሰር በዚህ ሥርዓት ላይ የሚደርስ መዛባት ነው። መዛባቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በዘረ-መሉ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ሲፈጠር ሲሆን፣ ይህም ሚውቴሽን ይባላል። በምሳሌው፣ በጆንያው ውስጥ ያለው እህል ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ጽሑፉ ሳይነካ ማሰሪያው ብቻ ሲለወጥ ነው። መታሰር የነበረበት ተፈቶ ይገኛል፤ መፈታት የነበረበት ይታሰራል።

ከጤነኛ አንጀት እስከ ፖሊፕ

የትልቁ አንጀት የውስጥ ገበር እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ጉድጓዶች የተሞላ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ግርጌ ግንደ ሕዋሳት ይኖራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ይባዛሉ፤ የተወለዱትም ሕዋሳት ወደ ላይ እየወጡ ሥራቸውን የሚሠሩ የአንጀት ሕዋሳት ይሆናሉ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ረግፈው ከሰገራ ጋር ይወገዳሉ። ገበሩ በሙሉ በሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይታደሳል። ከሰውነት ክፍሎች እንዲህ ፈጥኖ የሚታደስ ጥቂት ነው። በፈጠነ ቁጥርም ስሕተት የመፈጠሩ ዕድል ይጨምራል።

በጉድጓዱ ግርጌ «ተባዛ» የሚሉት ዘረ-መሎች ይገለጣሉ። ሕዋሱ ወደ ላይ ሲወጣ እነዚያ ዝም ይላሉ፤ «ሥራህን ሥራ» የሚሉት በተራቸው ይገለጣሉ። ይህን ለውጥ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ኤፒሲ የሚባለው ዘረ-መል ነው። የኤፒሲ ፕሮቲን ቤታ ካተኒን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን እየለቀመ እንዲወገድ ያደርጋል። ኤፒሲ ሲበላሽ ቤታ ካተኒን ይከማቻል፣ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባል፣ ማይክ የሚባለውንና ሕዋስን ለመባዛት የሚገፋፋውን ዘረ-መል ጨምሮ ብዙ ዘረ-መሎችን ያስነሳል። ወደ ላይ የወጣው ሕዋስ ግርጌ ላይ እንዳለ ሕዋስ መባዛቱን ይቀጥላል። በትልቁ አንጀት ካንሰር ከተያዙ 10 ሰዎች በ8ቱ ያህል ኤፒሲ ተበላሽቶ ይገኛል። አንድ የተበላሸ ዘረ-መል የበርካታ ጤነኛ ዘረ-መሎችን መገለጥ የሚያዛባው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ውጤት በአንጀት ገበር ላይ የምትበቅል ትንሽ ዕጢ ናት፤ ፖሊፕ ትባላለች። ፖሊፕ ካንሰር አይደለችም። አብዛኞቹ ፖሊፖችም ካንሰር አይሆኑም። ጥቂቶቹ ግን ተጨማሪ ስሕተት ያጠራቅማሉ። ኬራስ የተባለው ዘረ-መል ሲለወጥ የመባዛት ትእዛዙ የማይጠፋ ይሆናል። ጉዳት የደረሰበት ሕዋስ እንዲቆም ወይም እንዲሞት የሚያዘው ፒ53 ሲበላሽ ደግሞ የመጨረሻው ዘበኛ ተነሣ ማለት ነው። ይህ በደረጃ የሚሄድ አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተቀርጾ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዝርዝር ቢጨመርበትም መሠረቱ አሁንም ይሠራበታል። ለታካሚ ያለው ትርጉም ግልጽ ነው፦ ፖሊፕ በኮሎኖስኮፒ ከታየች በዚያው መሣሪያ ተቆርጣ ትወጣለች፤ ካንሰሩም ሳይወለድ ይቀራል።

ሳይበላሹ የሚታሰሩ ዘረ-መሎች

ሕዋስ በሚባዛበት ጊዜ የሚፈጠሩ የቅጂ ስሕተቶችን የሚያርሙ ዘረ-መሎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ኤምኤልኤች1 ይባላል። በአንዳንድ ታካሚዎች ይህ ዘረ-መል ምንም ሚውቴሽን ሳይኖርበት ሜቲል የሚባሉ ትናንሽ ኬሚካሎች መነሻው ላይ ተለጥፈው ዝም ያሰኙታል። አራሚው ሲጠፋ ስሕተቱ በየሕዋሱ ይከማቻል። ከ100 የትልቁ አንጀት ካንሰሮች 15 ያህሉ እንዲህ አራሚ ያጡ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በዕድሜ ሂደት ኤምኤልኤች1 የታሰረባቸው ሲሆኑ፣ ከ100ው 3 ያህሉ ግን ስሕተቱን ከወላጅ የወረሱ ናቸው። የወረሱት ሊንች ሲንድረም የሚባለው ችግር አለባቸው፤ ለእያንዳንዱ ልጃቸውም የማስተላለፍ ዕድላቸው ግማሽ ነው።

ይህን መለየት ለሕክምናም ዋጋ አለው። አራሚ ያጣ ካንሰር በስሕተት የተሞላ ስለሆነ የሰውነት መከላከያ በቀላሉ ባዕድ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህም ኢሚዩኖቴራፒ ለሚባለው ሕክምና ከሌሎቹ ይልቅ ይሸነፋል። በአንጻሩ ኬራስ የተለወጠበት ካንሰር ሴቱክሲማብ ለተባለው መድኃኒት ምላሽ አይሰጥም። ሁለት ታካሚዎች አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው፣ አንድ ዓይነት ደረጃ ላይ ሆነው የተለያየ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ለጎረቤቴ የተሰጠው ለእኔ ለምን አልተሰጠም» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ በዕጢው ዘረ-መል ውስጥ ይገኛል።

ካንሰሩ ከቦታው ሲነሣ

የአንጀት ገበር ሕዋሳት ኢ-ካድሄሪን በተባለ ፕሮቲን ጎን ለጎን ተጣብቀው ይኖራሉ። በአንዳንድ ካንሰሮች ጫፍ ላይ የዚህ ፕሮቲን ዘረ-መል መገለጡ ይቀንሳል፤ በምትኩ ለእንቅስቃሴ የሚያገለግሉ ዘረ-መሎች ይነሣሉ። ሕዋሱ ከጎረቤቱ ይላቀቃል፣ የአንጀቱን ግድግዳ ሰንጥቆ ወደ ደም ሥር ወይም ወደ ሊምፍ ይገባል። የአንጀት ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በጉበት በኩል ስለሚያልፍ፣ የተነሣው ሕዋስ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን በሺዎች የሚቆጠሩ ዕጢዎችን የዘረ-መል መገለጥ አነጻጽሮ የትልቁ አንጀት ካንሰርን በ4 ዋና ዋና ዓይነቶች ከፍሏል። ከእነዚህ መካከል የእንቅስቃሴ ዘረ-መሎች የተነሡበት ዓይነት የከፋ መጨረሻ እንዳለው ታይቷል። ይህ አከፋፈል እስካሁን በአብዛኛው የምርምር መሣሪያ ነው። በየሆስፒታሉ ሕክምናን የሚወስነው አሁንም የበሽታው ደረጃ ነው፦ ካንሰሩ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ምን ያህል ገብቷል፣ ወደ ዕጢ አንጓዎች ደርሷል ወይ፣ ወደ ሌላ አካል ሄዷል ወይ። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት ከ10 ታካሚዎች 9 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ወደ ሩቅ አካል ከደረሰ በኋላ ግን ከ7 ታካሚዎች 1 ያህሉ ብቻ ናቸው። በመርካቶ «ከበዓል በኋላ እታያለሁ» ተብሎ የሚተላለፈው ቀጠሮ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ሊያሻግር ይችላል።

እህሉ ከዘረ-መሉ ጋር ምን አገናኘው?

በእህል በረንዳ የሚሸጠው እህልና የአንጀት ዘረ-መሎች መገለጥ ቀጥተኛ ግንኙነት አላቸው። የሰው ሆድ መፍጨት የማይችለው የእህል ክፍል አሰር ይባላል። አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ከዚህም ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር ይወጣል። ቡቲሬት ለጤነኛ የአንጀት ሕዋስ ዋናው ምግብ ሲሆን፣ ከኃይሉ 70 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ከዚህ አልፎ ቡቲሬት ዘረ-መሎችን የሚያጨናንቁና የሚያሽጉ ኢንዛይሞችን ያግዳል። ተደራርበው የታፈኑ ጆንያዎች ፈታ ብለው መተላለፊያ ሲገኝላቸው እንደማለት ነው። በዚህም ሕዋስ መባዛቱን እንዲያቆም የሚያደርጉ ዘረ-መሎች ይገለጣሉ።

የካንሰር ሕዋስ ከቡቲሬት ይልቅ ስኳርን ያቃጥላል። ስለዚህ ቡቲሬቱ ሳይበላ በሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀምና መባዛትን የማቆም ትእዛዙ በካንሰር ሕዋሱ ላይ ይበረታል። አንዱ ንጥረ ነገር ጤነኛውን ሕዋስ ሲመግብ የታመመውን ይገታል። ይህ በላቦራቶሪ በግልጽ የታየ ነው፤ በሰው አንጀት ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን በምርምር ላይ ይገኛል።

የአሰር ነገር በአፍሪካ ምድር ላይ የተጀመረ ጥያቄ ነው። በኡጋንዳ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ያገለገለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በዚያ ይህን ካንሰር እምብዛም እንዳላየ ካስተዋለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የአሰር እጥረት ከበሽታው ጋር የተያያዘ ነው የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በፒትስበርግ የሚኖሩ 20 ጥቁር አሜሪካውያንና በገጠር ደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ 20 ሰዎች ለ2 ሳምንት ምግባቸውን እንዲለዋወጡ የተደረገበት ጥናት ታተመ። አሰር የበዛበት፣ ስብ ያነሰበት የአፍሪካ ምግብ የበሉት አሜሪካውያን በአንጀታቸው ያለው ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ የገበሩ ሕዋሳት መባዛትም ቀነሰ። ሥጋና ስብ የበዛበትን ምግብ በበሉት ደቡብ አፍሪካውያን ላይ ተቃራኒው ታየ። 2 ሳምንት ካንሰርን ለማምጣትም ሆነ ለማስቀረት አይበቃም፤ የአንጀት ሕዋስ ለምግብ የሚሰጠው ምላሽ ግን በቀናት ውስጥ እንደሚለካ ጥናቱ አሳይቷል።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ ትርጉም አለው። ጤፍ ከፍሬው ትንሽነት የተነሣ ገለፈቱ ተለይቶ ሊወጣ ስለማይችል የሚፈጨው ከነሙሉ አካሉ ነው። ነጭም ይሁን ሰርገኛ፣ ቀይም ይሁን ማኛ፣ የዋጋው ልዩነት የአሰር ልዩነት አይደለም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በአሰር የበለጸጉ ናቸው። በአንጻሩ በከተማው በብዛት የሚበላው ነጭ ዳቦና ፓስታ ከተጣራ ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ አብዛኛውን አሰር በፋብሪካው ጥሎ የመጣ ነው። የጾም ምግብ «የድሃ ምግብ» ተብሎ በሚቆጠርበት አካባቢ፣ ሽሮና ምስር ወጥ ለአንጀት ገበር የሚሰጡትን ጥቅም ጥሬ ሥጋም ሆነ ጥብስ አይሰጥም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀነባበረ ሥጋን የካንሰር መንስኤ፣ ቀይ ሥጋን ደግሞ መንስኤ ሊሆን የሚችል አድርጎ መድቧል። ጉዳዩ የመጠንና የድግግሞሽ ነው፤ በበዓል የሚበላ ሥጋ በየቀኑ ከሚበላው ጋር አንድ አይደለም። ሲጋራ፣ የአልኮል መጠጥና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም የበሽታውን ዕድል ይጨምራሉ።

ጤፍ ግን መድኃኒት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ የበላ ሰውም በዚህ በሽታ ይያዛል። በካንሰር መያዙ የተረጋገጠ ሰው ሕክምናውን ትቶ በተልባ፣ በጥቁር አዝሙድ ወይም በአመጋገብ ለውጥ እድናለሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ከሰገራ ጋር የሚወጣ ደም፣ ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ መፈራረቅ፣ የሰገራ መቅጠን፣ ተጸዳድቶም ያለመጨረስ ስሜት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስና የሆድ ቁርጠት ምርመራ የሚጠይቁ ምልክቶች ናቸው። በወንድ ወይም የወር አበባዋ በተቋረጠ ሴት ላይ የታየ የደም ማነስም ከምግብ እጥረት ነው ተብሎ በብረት እንክብል ብቻ መታለፍ የለበትም፤ በትልቁ አንጀት ቀኝ ክፍል ያለ ዕጢ በዓይን የማይታይ ደም ለወራት ሊያፈስስ ይችላል። የአሜባ መድኃኒት ተወስዶ ደሙ ከተመለሰ፣ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ደግሞ መግዛት ሳይሆን ወደ ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል። ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ስለሚችል፣ ኪንታሮት መገኘቱ ብቻ ምርመራውን አይዘጋውም። ኪንታሮት እናወጣለን በሚሉ ሰዎች ዘንድ ቆይተው የሚመጡ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

አገልግሎቱ የሚጀምረው በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የመድኅን ሽፋናቸው እንዳይቋረጥ ከተመደቡበት ጤና ጣቢያ ተነሥተው በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርባቸዋል። ባለሙያው የሰገራና የደም ምርመራ ያዛል፣ በጣት የፊንጢጣ ምርመራ ያደርጋል። ይህ የመጨረሻው አሳፋሪ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የሚፈጀው ግን ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው፤ በፊንጢጣ አቅራቢያ ያለ ዕጢም አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ይገኛል። ሪፈር የተጻፈለት ሰው በሆስፒታል ኮሎኖስኮፒ ይደረግለታል፤ አጠራጣሪ ነገር ከታየ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል። ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ ደረጃው በሲቲ ስካን ይለያል። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ ወይም የጨረር ሕክምና የሚታዘዘውም ከዚህ በኋላ ነው።

የፓቶሎጂ ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ተጠብቆ መያዝ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የዕጢው ዘረ-መል እንዲመረመር ሐኪሙ ከወሰነ፣ የሚመረመረው ያው የተቀመጠው ናሙና ስለሆነ፣ የናሙናውን ቁጥር የያዘው ወረቀት ከጠፋ ታካሚው እንደ አዲስ ሊንገላታ ይችላል።

በቤተሰብ ውስጥ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ በሽታ ተይዘው ከነበረ፣ ይህንኑ ምልክት ሳይጠብቁ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ምርመራውን በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ በሽታው ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲጀምር ይመከራል። በ45 ዓመቱ በበሽታው የተያዘ አባት ልጆች ቀጠሮ የሚይዙት 35 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ ሊንች ሲንድረም ከተጠረጠረ ደግሞ ሐኪሙ ከዚያም ቀደም ሊያደርገው ይችላል። ለምርመራ ሲቀርቡ የዘመዱን የሕክምና ወረቀት ቅጂና በሽታው የተገኘበትን ዕድሜ ይዞ መምጣት የባለሙያውን ሥራ ያፋጥናል።